የመኮንኑ እሺታ

ናቡናኪ፣ ማርች 11 ቀን 1997

ወንድሜ ባውሮ፣

ጤና ይስጥህ፤ ባህሩ ይታገስህ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ደብዳቤህ የደረቀ ኮኮናታችንን፣ ኮፕራውን፣ በምትጭነው የፌብሩዋሪ ጀልባ ደርሶን፣ እንደ ልማዳችን መምህር ኢታካ በመሰብሰቢያው አዳራሽ፣ በማኔአባው፣ ለመንደሩ ሁሉ አነበበው። የመርከበኞች አለቃ ሆነሃል የሚለው ላይ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ “እስቲ ድገመው” አሉትና ደገመው። ማንንም አመስግኖ የማያውቀው ትልቁ ሽማግሌ ቴካይ እንኳ “የአባቱ ልጅ ነው” አለ። እኔ እህትህ ደግሞ እንደ ሞኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

“ሚስቴ ለምን ራሷ አትጽፍልኝም፣ ምን ደብቃችሁኛል?” ብለሃል። ባህር ላይ ሆነህ እንዳትጨነቅ ፈርታ ነው እንጂ ክፉ ነገር የለም። ለእረፍት መጥተህ ከሄድህ ወዲህ ሮቲያ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያው ልጃችሁ እንዴት እንደቀረ አልረሳኸውም፤ ያኔ በዋናዋ ደሴት በታራዋ ያለው የሆስፒታሉ ሐኪም “ሁለተኛውን እዚህ መጥተሽ በቀዶ ጥገና ካልሆነ እንዳትሞክሪው” ብሏታል። አዋላጇ ኔይ ካኡሪ ሆዷን ዳብሳ የጁላይ መጨረሻ ነው ትላለች። ስለዚህ ከዚያ በፊት ታራዋ መድረስ አለባት፤ ካልደረሰች የሚሆነውን አንተም እኔም እናውቃለን።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ዛሬ ነጯ የሽርሽር መርከብ መጥታለች፤ ይህንንም የምጽፍልህ ትንንሽ ጀልባዎቿ ሳይመለሱ ላደርስ ነው። ሰባት መቶ ሰው አሸዋችን ላይ ወርዷል። ትከሻው ላይ ወርቅ ያለው አንድ መኮንን ማኔአባው ገብቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጠ፤ አበባ አጠለቁለት፣ ኮኮናት ጠጣ። እኔ ፊቱ ሄጄ ተንበረከክሁና “ጌታዬ፣ ቡቡቲ ልጠይቅዎት ነው። በጁላይ ስትመለሱ የወንድሜን ሚስት ታራዋ ድረስ ይዛችሁልኝ ሂዱ” አልኩት። ኢታካ ተረጎመለት። መኮንኑ ሳቀ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና “እንዴታ፣ እንዴታ፤ ምንም ችግር የለም። በጁላይ እንመጣለን፣ ያኔ እናያለን” አለ። ይህን ሁሉም ሰምቷል።

ቡቡቲ አንዴ ከተጠየቀና አንዴ እሺ ከተባለ ያው እንደምታውቀው ነው፤ እምቢ የማይባል ልመና ነው። ታንኳህን ቢጠይቁህ ትሰጣለህ፤ ልጅህን ቢጠይቁህ ትሰጣለህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹም ከወዲሁ “ከእንግዲህ በኮፕራ ጀልባ መሳፈሯ ነውር ነው፣ ሰውየውን ቃልህ አልታመነም ማለት ነው” እያሉ ነው። እኔ ግን ልቤ ሁለት ሆኗል። አንተ ከነሱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖረሃል። እሺታቸው ምን ያህል ይከብዳል? ሮቲያ በሜይ ጀልባ ትሂድ ወይስ ነጯን ትጠብቅ? መልስህ በሜይ ጀልባ ይድረሰኝ። ያልከኝን አደርጋለሁ። በወረቀቱ ጀርባ ሮቲያ ራሷ የጻፈችልህ አለ።

እህትህ ቲናይ


ሐምቡርግ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1997

ለውድ እህቴ ቲናይ፣ ለባለቤቴ ለሮቲያ፣ እንዲሁም በማኔአባው ለተሰበሰባችሁ አባቶችና እናቶች በሙሉ፣

መምህር ኢታካ፣ ጉሮሮህን አጽዳና ቀስ ብለህ አንብብልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ጆሮ ይቆርጣል። ሥራው ብዙ ነው፣ ያው አለቃ ከሆንክ ሌላው ሲተኛ አንተ አትተኛም።

ሮቲያ በደብዳቤው ጀርባ ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ ይህ ነው። ለመውለጃሽ እንድመጣ ፈልገሽ ነበር፤ እኔም ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ኃላፊነት ያለበት ሰው መርከቡን ጥሎ አይሄድም። አትቀየሚኝ። ዜናውን ስሰማ ማንም በሌለበት ቦታ ቆሜ ብዙ ጊዜ ሳቅሁ፤ ልጅ ልትሰጪኝ ነው።

እታለም፣ የመኮንን ቃል የመርከቡ ቃል ነው። እኔ በየቀኑ አብሬያቸው ስለምውል አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎቻችን ልክ ናቸው። ደግሞስ የኮፕራ ጀልባ ምን አላት? ስድስት ቀን በጆንያና በበረሮ መሃል። በነጯ መርከብ ሙቅ ውሃ አለ፣ ነጭ አንሶላ አለ፣ ከሁሉ በላይ ሐኪም አለ። የባውሮ ሚስት እንደ ሰው ትሳፈር። ነጯን ጠብቁ።

ለቴካይ ያልሁት ትንባሆ በላክሁላችሁ ሻንጣ ውስጥ ከታች ነው።

ወንድማችሁ ባውሮ


ናቡናኪ፣ ሜይ 29 ቀን 1997

ወንድሜ ባውሮ፣

ደህና ከርመሃል ወይ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤህ ከትናንት ወዲያ ደረሰ፤ ማኔአባው ውስጥ ተነበበ። ነጭ አንሶላው ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ሮቲያን እየጎሸሙ ሳቁባት፤ “ከእንግዲህ በኛ ምንጣፍ አትተኚማ” አሏት። ትንባሆውን ቴካይ ተቀብሏል፤ ለማንም አላካፈለም።

“ያልኩሽን አደረግሽ?” ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። አዎ፣ አድርጌያለሁ። ግን እንዲህ በቀላሉ አልሆነም፤ ስለማልዋሽህ እነግርሃለሁ። ደብዳቤህ ከመነበቡ በፊት ሮቲያ ሳንዱቋንና ምንጣፏን በታንኳ አስጭና ጀልባዋ ላይ አድርሳ ነበር። ለኔም አልነገረችኝም። ካነበብን በኋላ ቴካይ ሰው ልኮ አስወረደው። የጀልባው ካፒቴን ተቆጣ፤ “ሴትዮዋ ራሷ ልሂድ እያለች እናንተ ምን አገባችሁ? እኔ ከዚህ የባሱትን አድርሼ አውቃለሁ” አለ። ቴካይም “አንተ ጆንያህን ጠብቅ። እሺ ያለ ሰው ፊቱ ላይ ምራቅ አንተፋም” አለው። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ያንተን ደብዳቤ ይዤ ነበር። “ባውሮ አብሯቸው ይውላል፣ ያውቃቸዋል” አልኩና ሳንዱቁን በራሴ ተሸክሜ ወደ ቤት መለስኩት።

ልጁ በሆዷ ውስጥ በአግድም እንደተኛ ነው። ኔይ ካኡሪ በየጠዋቱ በዘይት ታሻታለች። ሮቲያ ከዚህ በታች ራሷ ልትጽፍልህ ነው፤ የምትጽፈውን አላይም።

ቲናይ

ባሌ ባውሮ፣ እህትህ አታይም ስላለች እጽፋለሁ። ሙቅ ውሃ አልፈለግሁም። በረሮም አልፈራም፤ ከበረሮ ጋር ነው ያደግሁት። የፈለግሁት ጀልባዋን ነበር፣ ስለመጣች። ያልመጣችውን መርከብ አላውቃትም። ግን አንተ ካልክ እሺ። እኔም እሺ ብያለሁ ማለት ነው። ሮቲያ።


ናቡናኪ፣ ኦገስት 28 ቀን 1997

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ያህል ጊዜ ስለዘገየሁ ይቅርታህን እለምናለሁ። ነጯ መርከብ በመጣች ጊዜ ደብዳቤ ለመስጠት አልተመቸኝም፤ ብዙ ግርግር ነበር። የላክኸው ሁሉ ደርሶናል። ስለ ጣሪያው ጠይቀኸኛል፤ ቅጠሉ ተቀይሯል፣ ዝናብ አያስገባም። ስለ ዓሣውም ጠይቀኸኛል፤ ዘንድሮ ደህና ነው፣ ቱናው ወደ ኮራሉ ቀርቧል።

ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች። ጤነኛ ናት፣ ትጮሃለች፣ ፀጉሯ ብዙ ነው። ግንባሯ ያንተ ነው። ስም አላወጣንላትም፤ አንተን እየጠበቅን ነው።

“ታራዋ ሆስፒታሉ እንዴት ነበር፣ ነጮቹስ እንዴት አስተናገዷት?” ብለህ የጠየቅኸውን በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ። ሮቲያ እጇን አሟታል፤ ለመጻፍ አልተቻላትም። ለአሁኑ ይህ ይበቃል። ጀልባዋ ልትሄድ ነው፣ እየጠሩኝ ነው። አደራህን፣ ባህር ላይ ሆነህ ነገር አታብዛ፣ ደህና ብላ።

ቲናይ


ሳንቶስ ወደብ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1997

ቲናይ፣

ይህን ደብዳቤ ለኢታካ እንዳትሰጪው። ለብቻሽ አንብቢው።

ልጄ በመወለዷ ደስ ብሎኛል ማለት እፈልጋለሁ፤ ልለው ግን አልቻልሁም። ስለ ጣሪያና ስለ ዓሣ አንድ ገጽ ጻፍሽልኝ። ስለ ሚስቴ አንድ መስመር። እኔ ልጅ አይደለሁም። እጁን ያመመው ሰው ለሌላ ሰው እየነገረ ያስጽፋል፤ ሮቲያ ደግሞ የምትናገረው አጥታ አታውቅም። በሜይ ተቀይማኝ ሳለች እንኳ በገዛ እጇ ጽፋልኛለች። እዚህ መርከቡ ላይ ከሚሠሩት የኛ ልጆች አንዱ ከቤቱ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። አንብቦ ሲጨርስ አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን አያይም። ምን ሰማህ ስለው “ምንም” ይለኛል።

በሐሳብ ልሞት ነው፣ እህቴ። ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሻለሁ፤ አሁን የምጠይቅሽ ደግሞ እንደ ወንድም አይደለም። ቡቡቲ ነው። እውነቱን ስጪኝ። እምቢ ማለት አትችዪም።

ባውሮ


ናቡናኪ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1997

ወንድሜ፣

ቡቡቲ ካልክ አፌን የምዘጋበት የለኝም። ሮቲያ ሞታለች። ጁላይ 8 ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። አሁን አልኩት። ከአራት ወር በላይ “ሆድ ይፍጀው” ብዬ ይዤው ነበር፤ ሆዴም ፈጀው።

የደበቅሁህ የራሷ አደራ ስለሆነ ነው። “ባህር ላይ ላለ ሰው ሐዘን አይነገርም፤ መሬት እስኪረግጥ ጠብቂ” አለችኝ። አዎ ብያት ነበር። እሷንም ከዳሁ፣ አንተንም ከዳሁ።

ነጯ መርከብ አልመጣችም እንዳትል፣ መጥታለች። በዚያው ቀን ነው የመጣችው። ሮቲያን ምጥ የያዛት ጠዋት ነው፣ ሦስት ሳምንት ቀድሞ። ኔይ ካኡሪ “ተሻግሮ ነው የተኛው፣ እኔ አልችለውም” ስትል በኮራሉ ማዶ የመርከቧ ጥሩምባ ተሰማ። ደስታችንን ብታይ። እግዚአብሔር ሰዓቱን ለክቶ የላከልን መሰለን። ፀጉሯን አበጠርንላት፣ የመንገድ ቀሚሷን አለበስናት፣ ከጀልባ መውረጃው አጠገብ ባለው ቤት ምንጣፍ ላይ አስተኛናት። ያመኛል እያለችም ትስቅ ነበር።

ያ መኮንን አልነበረም። ወደ አገሩ ሄዷል አሉ። በሱ ፈንታ ወረቀት የያዘ ጎረምሳ መጣ። ኢታካ ስለ ቃሉ ሲነግረው ወረቀቱን አገላብጦ አየና “እዚህ ላይ የለም። ስድስት ወር ያለፋት ነፍሰ ጡር አንጭንም። ቢሆንም ካፒቴኑን እጠይቃለሁ፤ እናያለን” አለ። ኢታካ ምጥ እንደያዛት ሊነግረው አፉን ሲከፍት ቴካይ ክንዱን ያዘው። “ተው፣ አንዴ ተሰጥቶናል” አለው። “የተሰጠህን ደግመህ መለመን ሰጪውን መስደብ ነው። እናያለን ብሏል፣ ያያል። እኛ እንግዶቻችንን እናጫውት፣ ከዚያ ይጠሩናል።” እኔም ነበርሁ። እኔም ዝም አልሁ። ልክ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ጨፈርን። እኔ ፊተኛው መስመር ላይ ነበርሁ። እኛ ስንጨፍር እንደማንስቅ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ፊቴን አይቶ የጠረጠረ የለም። ካሜራ የያዘች ሴትዮ እየመጣች በጣቷ ከንፈሯን ወደ ላይ እየሳበች “ሳቂ” ትለኝ ነበር። ከፊት ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ተቀምጦ በጭብጨባ ያጅበናል። ጭፈራው ሲያልቅ ከኔ ማራገቢያ ገዛ፤ ሮቲያ የጎነጎነችውን። ኢታካ ከሱ ጋር ሲያወራ ቆይቶ በኋላ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ነገረኝ። የመርከቧ ሐኪም ነበር። ሮቲያ ከተኛችበት ቤት እሱ እስከተቀመጠበት ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ያህል እንኳ አይርቅም።

ማንም አልጠራንም። ጥሩምባው ሲነፋ ሰዎቹ እየሮጡ ጀልባዎቹ ውስጥ ገቡ። እኔ ውሃው ደረቴ እስኪደርስ ድረስ ገብቼ ጮህኩ። በኛ ቋንቋ ነበር የምጮኸው፤ የነሱ ቃል ከአፌ ጠፋ። ያ ጎረምሳ አየኝ። እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

ኔይ ካኡሪ እጇን አስገብታ ልጅቷን አዞረቻትና አወጣቻት። ደሙ ግን አልቆመም። ሌላውን አልጽፍልህም፤ ብትለምነኝም አልጽፍልህም፣ እሱን ለራሴ ልያዘው። የቀበርናት ከቤታችሁ በስተ ምሥራቅ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው በኩል።

ቴካይ ከዚያ ወዲህ ማኔአባው ውስጥ አልተናገረም። ልጅቷን የአጎታችን ልጅ ከራሷ ሕፃን ጋር ታጠባታለች፤ የቀረውን እኔ ነኝ የማሳድጋት። ለኔ ስጠኝ ብዬ ቡቡቲ ልጠይቅህ አስቤ ነበር። አልጠይቅህም፤ በምን ዓይኔ። ሳንዱቁን ከጀልባዋ ተሸክሜ የመለስሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ቢሆንልህ ግን ይቅር በለኝ።

ቲናይ


ሮተርዳም፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1998

እታለም፣

ይቅርታ አትጠይቂኝ። ደብዳቤሽን ካነበብሁ አራት ቀን ሆነኝ፤ በየቀኑ ይህን ልጽፍ እጀምርና እተወዋለሁ። ዛሬ እጨርሰዋለሁ።

መኮንኑን የተመለከተው የማርች ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሦስት የኛ ልጆች አብረውኝ ነበሩ። ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። “እንዴታ፣ ምንም ችግር የለም፣ ያኔ እናያለን” ከሚለው ላይ ስደርስ ሦስቱም ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። አንዱ “ይህ እሺታ እኛም ቤት አለ” አለ።

ለምን እንደሳቅን ልንገርሽ። እኔ የመርከበኞች አለቃ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ዝገት እፍቃለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ሽንት ቤት አጥባለሁ። በየዓመቱ ውል ሳድስ ዋናውን መኮንን እጠይቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “እንዴታ ባውሮ፣ እናያለን” ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደናንተ ቡቡቲ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር፤ ልብሴን አጥቤ የምጠራበትን ቀን እጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ነው የገባኝ። ክፋት የለበትም፤ እንደኛ “ደህና ዋልክ” ማለት ነው፣ ከአፍ አያልፍም። አንቺ የጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ በዓለም ላይ በደንብ የማውቀው አንድ ነገር ነበር።

እውነቱን ብጽፍልሽ ግን ኢታካ ማኔአባው ውስጥ ያነበዋል። “ባውሮ ይህን ከየት አወቀው?” ይላሉ። ስለዚህ ሳቄን ዋጥሁና ያንን ጻፍሁልሽ። ነጭ አንሶላ፣ ሙቅ ውሃ። የባውሮ ሚስት እንደ ሰው ትሳፈር። ሮቲያ ሳንዱቋን ጭና ነበር፤ ልትድን ነበር። ያወረዳት ቴካይ አይደለም። አንቺም አይደለሽም። እናንተ ሰው ያለውን የምታምኑ ሰዎች ናችሁ፤ እኔንም ያመናችሁኝ በዚያው ነው።

ይህን ደብዳቤ ኢታካ ያንብበው። ሙሉውን፣ አንድ መስመር ሳይዘል። ቴካይ ይስማው፣ ያልበደለውን ተሸክሞ እንዳይሞት። ቢሰድቡኝም ይስደቡኝ።

ልጅቷን ያልጠየቅሽኝን እሰጥሻለሁ። ስሟንም አንቺ አውጪላት፤ እኔ ያወጣሁት ነገር ሁሉ ለሰው ጆሮ የተሰፋ ውሸት ነው።

ከመርከቡ ወርጃለሁ። በሜይ ጀልባ እመጣለሁ፣ በጆንያዎቹ መሃል። የሚከተለው ቡቡቲ አይደለም፣ እምቢ ማለት ትችያለሽ። ስደርስ አበባ አትጎንጉኑልኝ፣ ማንም አይጨፍር። አንቺ ግን፣ ሆድሽ ከፈቀደ፣ ልጅቷን ታቅፈሽ ውሃው ዳር ቁሚልኝ። ካልቆምሽም ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ አውቀዋለሁ።

ባውሮ